ዝናቡን ላደረቁልን ክቡር ዳይሬክተር

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን። የጠዋቱ ሂሳብ፦ የተሸጠ፣ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ መርፌና አንድ የራዲዮ አንቴና። የተመለሰ፣ ከተቋምዎ የመጣው ሲዲ ሦስት። ሱቁ ለጉዳይ ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ደንበኛ ከተለመደው ያነሰ፣ ወሬኛ ከተለመደው የበዛ።

ለክቡር የድምፅ ቅርሶች ማደሻ ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባልደረቦችዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። ከጤናም ለይቼ የጆሮን ጤና አብዝቼ እመኛለሁ፤ ዓይናችሁ ደኅና መሆኑን በሥራችሁ ስለተረዳሁ ስለ እሱ አልሰጋም።

እኔ ከገበያው ማዞሪያ አጠገብ ሸክላ፣ ሲዲ፣ ራዲዮና የራዲዮ ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ሙዚቃ አልተማርኩም። የተማርኩት መግዛትና መሸጥ ስለሆነ ዕቃ ሲበላሽ አውቃለሁ፤ የተበላሸ ዕቃ ታድሷል ተብሎ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አውቃለሁ። በየቀኑ የሱቄን ውሎ በማስታወሻዬ ላይ የማሰፍር ሰው በመሆኔ ይህንንም የጀመርኩት ለራሴ ነበር፤ እየረዘመ ሲሄድ ግን ለእርስዎ እንደሆነ ገባኝ። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁት በድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ታሽገው ወደ ቢሮዎ የሚገቡ ደብዳቤዎች እንደ ቴፕ ክርዎ ሁሉ ጸድተው ድምፃቸው እንደሚጠፋ ስለሰማሁ ብቻ ነው።

ልመናዬ አንድ ስለሆነ አስቀድሜ ልንገርዎ። በመጋዘንዎ ውስጥ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የከተማችን ኦርኬስትራ በዝናብ ምሽት ያቀረበው ኮንሰርት የተቀዳበት የቴፕ ጥቅል ይገኛል። በግቢዎ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት፣ «ንጹሑ ቅጂ ስለተዘጋጀ» ይህ ጥቅል ከመሰሎቹ ጋር በዚህ ሳምንት በኪሎ ተሸጦ ይወገዳል። እንዳይወገድ እለምንዎታለሁ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ስለ ንጹሑ ቅጂ ማመስገን ይገባኛል፤ ምስጋናዬም ስለበዛ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

ከቁጥሩ በፊት ግን አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ። የእናቴ ወንድም፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ በዚያ ኦርኬስትራ ውስጥ ትልልቆቹን የመዳብ ከበሮዎች ይመቱ ነበር። የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ሁሉ የቀን ሥራ ስለነበራቸው ጋሼም ቀን ቀን በፖስታ ቤት ቴምብር ላይ ማኅተም ሲመቱ ይውሉና ማታ ወደ ከበሮው ይሄዱ ነበር። ኑሯቸው በመምታት ነበር ማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የኦርኬስትራ ከበሮ መቺ አብዛኛው ሥራው ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። በዚያ ምሽት የተጫወቱት ሙዚቃ አራት ክፍል ያለው ሲሆን፣ ጋሼ ሦስቱን ክፍል ሙሉ ቁጭ ብለው ከቆጠሩ በኋላ በአራተኛው ማለቂያ ላይ አንድ ጊዜ ይነሣሉ። በሁለት በትር፣ ከማይሰማ ጀምሮ እያደገ፣ እያደገ፣ በመጨረሻም አዳራሹን የሚሞላ ጉርምርምታ ያሰማሉ። ያ አንድ ጉርምርምታ የዕድሜያቸው ኩራት ነው።

ኮንሰርቱ ያኔ በሸክላ ታትሞ ነበር። የታተመው ጥቂት ስለነበር፣ እኔ በዚህ ንግድ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ፈልጌ ከጋሼ ቅጂ በቀር ሌላ አላገኘሁም። የጋሼ ቅጂ ደግሞ ሌላው ቦታው ሁሉ እንደ አዲስ ሆኖ ያቺ የጉርምርምታዋ ቦታ ብቻ አርጅታለች፤ መርፌውን እየመለሱ እየመለሱ እዚያው ላይ ሲያሳርፉ የኖሩት እሳቸው ስለሆኑ ነው። አሁን ከዚያ ሸክላ ላይ ከበሮው የሚሰማው ከሦስት ግድግዳ ወዲያ እንደሚጎተት ቁምሳጥን ሆኖ ነው። ስለዚህ ተቋምዎ ኮንሰርቱን አድሶ በሲዲ እንደሚያወጣ ሲነገር በቤተሰባችን የነበረውን ደስታ ክቡርነትዎ ይገምቱታል። ጋሼ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮት ለብሰው፣ ሲዲው ሱቄ በደረሰበት ቀን ከእኔ ቀድመው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩. ስለ ዝናቡ። ያ አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። በሦስተኛው ክፍል ማለቂያ ላይ ዝናቡ ስለበረታ የኦርኬስትራው መሪ በትሩን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ ጠበቀ። ታዳሚውም አብሮ ጠበቀ። በድሮው ሸክላ ላይ ይህ ጥበቃ ሙሉውን አለ፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ከዚያ ሲቀዘቅዝ፣ ከዚያ ጠብታ በጠብታ ሲሆን ይሰማል። ሲያባራ መሪው ለጣሪያው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ በዚያ ሳቅ ላይ አራተኛው ክፍል ተጀመረ። ሸክላውን የሰሙ ሰዎች ሁሉ በጣም የሚወዱት ቦታ ይህ ነው።

ተቋምዎ በመጀመሪያ ዝናቡን አደረቀ። ዝናቡ ሲደርቅ የመሪው ጥበቃ ባዶ ዝምታ ሆኖ ቀረ፤ ባዶ ዝምታ የክር ብልሽት ስለሚመስል ቆረጣችሁት። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምተን ነበር፤ ይህን ወርቅ ግን ማን እንዳነሣው አላወቅንም። ዝምታው ሲቆረጥ ሳቁ ብቻውን ቀረ፤ ያለ ምክንያት የሚስቅ ታዳሚ ለታሪካችን ክብር ስለማይመጥን እሱንም አወጣችሁት። ይህ ሁሉ ከተከናወነ በኋላ፣ ከሲዲው ጋር በሚሰጠው መጽሔት ላይ የተቋምዎ ሐያሲ፣ ኦርኬስትራው «ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ክፍል ያለ ዕረፍት በመጣደፉ» በትሕትና ወቅሶታል። የሰውን ወንበር ከሥሩ ስቦ ሲያበቃ፣ ይህ ሰው መቀመጥ አያውቅበትም ብሎ የሚጽፍ ሐያሲ በማየቴ ዕድለኛ ነኝና አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ትንፋሹ። ከድሮው ክር ሥር ሽሽሽ የሚለውን፣ ሽሽታ የሚባለውን ነገር ለማጥፋት የተደረገውን ጥረት ሳላደንቅ አላልፍም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ስለማን እንደሆነ ለዘመናት ሲያከራክር ኖሮ በእናንተ ዘመን ባለቤቱ ተገኘ። ሽሽታው ሲወጣ የቫዮሊኖቹ ቀጭኑ የላይ ድምፅ አብሮ ወጥቷል፤ አሁን የሚጫወቱት እርጥብ ብርድ ልብስ ተከናንበው ይመስላል። የፍሉት ተጫዋቹም ትንፋሽ ሄዷል። ከኔ የገዙት የሙዚቃ መምህርት ሲዲውን ለተማሪዎቻቸው አሰምተው ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ እኚህ ሰው የማይተነፍሱ ከሆነ እኔስ ለምን እተነፍሳለሁ ብላ ያንኑ ዜማ በአንድ ትንፋሽ ልትጨርስ ስትሞክር ፊቷ ጠቁሮ በግድግዳ ተደግፋ እንደተቀመጠች መምህርቷ ሲዲውን ሲመልሱ ነገሩኝ። ልጅቷ ደኅና ናት። ሲዲው ግን ከመደርደሪያዬ ላይ ነው ያለው፤ እሱም አይተነፍስም።

፫. ስለ ከበሮው። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ቢቀመጡ ይሻላል።

ሲዲው በመጣበት ቀን ሱቄ ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። በሁለተኛው ክፍል፣ ቫዮሊኖቹ በዝግታ በሚሄዱበት ቦታ፣ በድንገት አንድ ታላቅ ድምፅ ተሰማ። ግሩም ነበር፤ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ራዲዮዎች ተንቀጠቀጡ። መጽሔቱንም ስንገልጥ ሐያሲው ስለዚያው ቦታ ጽፎ አገኘን፤ «በዝግተኛው ክፍል መካከል ከበሮ መቺው ያሳየው ያልተጠበቀ ድፍረት» ይላል። ጋሼ ይህ ሲነበብላቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ጆሯቸው እንደ ዱሮው አይደለም፤ ከመቁጠር ብዛትም ክፍሎቹ ይምታቱባቸዋል፤ ደግሞም በዕድሜያቸው ሥራቸው እንዲህ በታተመ ወረቀት ተመስግኖ አያውቅም። ያ እኔ ነኝ አሉ። ሰዉም አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቱ ጋሽ ነጎድጓድ ይላቸው ጀመር፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሜዳልያ ተቀብለው ደረታቸውን ነፍተው በገበያው መሐል ይመላለሱ ነበር።

የሲዲውን ማለቂያ ያን ቀን ማንም አልሰማም። ጫጫታ ነበር።

እስከ ማለቂያው የሰሙት ባለቤታቸው ናቸው፤ እኛ እትዬ የምንላቸው። እትዬ በዚያ ምሽት በአዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ከጋሼ ጋር ገና ሳይጋቡ። አንድ ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት መጡና ሲዲውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳጫውትላቸው አዘዙኝ። ከዚያ የጋሼን ሸክላ ከቦርሳቸው አውጥተው እሱንም እንዳጫውት አዘዙኝ። ጋሼ እንደልማዳቸው ሱቅ ሲደርሱ ሸክላው ገና ይዞር ነበር። እትዬ ዙሪያ ጥምጥም የሚያውቁ ሴት አይደሉም።

«አንተ ሰውዬ» አሉ፣ «ያ የምትኮራበት ሰማይ ነው። አንተ ያኔ ገና ቁጭ ብለህ ትቆጥር ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ክቡር ሆይ። ነጎድጓዱ የመጣው ማምሻውን የጣለው ዝናብ አባርቶ ዳግመኛ ከመጀመሩ በፊት፣ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነበር። ባለሙያዎችዎ ዝናብ ከሌለ ነጎድጓድ የለም ብለው ከበሮ አደረጉት፤ አጸዱት፣ አጎሉት፣ በመጽሔትም አመሰገኑት። የጋሼ ጉርምርምታ የመጣው ከዝናቡ በኋላ፣ በአራተኛው ማለቂያ ላይ ነበር። ባለሙያዎችዎ ዝናብ ካለ ነጎድጓድ መኖር አለበት ብለው እሱን ነጎድጓድ አደረጉት፤ ከሥሩም ነቅለው ጣሉት። አሁን በሲዲው ማለቂያ ላይ ኦርኬስትራው ሁሉ የሆነ ነገር እየጠበቀ ያድጋል፣ ያድጋል፣ ከዚያም ምንም አይመጣም፤ እንግዳ ተጠርቶ ሳይመጣ እንደቀረበት ድግስ ያልቃል። በአጭሩ ሰማዩን ቀጥራችሁ ሰውዬውን አሰናብታችኋል።

ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከበሮ አለኝ በሰማይ የሚል ግን በአጎቴ አየሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና የእሳቸውን ስሕተት እሸከምላቸዋለሁ፤ እሳቸው የሰባ ዓመት ጆሮ ይዘው በጫጫታ መካከል ነው የሳቱት። የእናንተ ጆሮ ግን ደመወዝ የሚከፈለው ነው።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ጋሼ ወደ ሱቄ አይመጡም። ድሮ ሲገቡ በሁለት ጣታቸው ባንኮኒዬን ሳይመቱ ሰላም አይሉም ነበር፤ ይሰለቸኝና እንዲተዉ እለምናቸው ነበር። አሁን ባንኮኒው ዝም ብሏል። የገበያውንም መንገድ ትተው በልብስ ሰፊዎቹ በኩል ዞረው ይሄዳሉ፤ ምክንያቱም ነገሩን ያልሰሙ ሰዎች እስካሁን በፍቅር ጋሽ ነጎድጓድ እያሉ ይጠሯቸዋል፤ የሰሙት ደግሞ ሆን ብለው።

በመጽሔቱ ላይ ስላለውም ፎቶግራፍ አመሰግናለሁ። የማደሻ ክፍሉ ባለሙያዎች ፎቶ ሙሉ ገጽ ሲሆን የኦርኬስትራው ግማሽ ገጽ ነው። ከበሮ መቺ የሚቆመው ከኋላ ጥግ ላይ ስለሆነ ከጋሼ የቀረው አንድ እጅና አንድ በትር ብቻ ነው።

፬. ስለ ጭብጨባው። በሲዲው መጨረሻ ላይ የሚሰማው ጭብጨባ እጅግ ያማረ ነው። እትዬ ሲሰሙት፣ እኛ እኮ ያን ያህል አልነበርንም አሉ። በማምሻው ዝናብ ምክንያት የአዳራሹ ግማሽ ወንበር ባዶ ነበር፤ የመጡትም እርጥብ ጃንጥላ በእጃቸው ስለነበር ማጨብጨብ አልተመቻቸውም፤ ስለዚህ በጃንጥላቸው ጫፍ የእንጨቱን ወለል መቱ። በሸክላው ላይ የሚሰማው ይህ ነው፤ ብዙ ፈረስ በድልድይ ላይ የሚያልፍ ይመስላል። ባለሙያዎችዎ ይህን የክር ኳኳታ ነው ብለው አስወግደው ከሌላ ኮንሰርት የብዙ ሺህ ሰው ጭብጨባ ተውሰው ለጥፈውበታል። መዋሳችሁ ነውር የለበትም፤ ብቻ ከተዋሳችሁት ጭብጨባ ውስጥ የሚያፏጭ አንድ ሰው አለ፤ ጭብጨባው አጭር ሆኖባችሁ ደጋግማችሁ ስለቀጠላችሁት ይህ ሰው ደጋግሞ አንድ ዓይነት ያፏጫል። ሱቄ ፊት ለፊት ያለው ጫማ ጠጋኝ ሰውዬውን ለምዶት፣ አሁን ያፏጫል ሲል እሱም ወዲያው ያፏጫል። ጎረቤታችን ለተገኘለት ጨዋታ አመሰግናለሁ።

፭. አምስተኛው ቅሬታዬ ከሁሉ የበረታ ነበር። ነገር ግን ደብዳቤዬን ሳድሰው ትንሽ ሻካራ መስሎ ስለታየኝ በእናንተ ዘዴ አጽድቼዋለሁ። ባዶውን ቦታ ያለ ዕረፍት በመጣደፌ እንዳይወቅሱኝ አደራ።

ክቡር ሆይ፣ በወረቀት ብቻ እንዳልወቅስ ብዬ በአካልም መጥቼ ነበር። በተቋምዎ ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል፣ ከማደሻ ክፍሉ ኃላፊ ጋር ተገናኘሁ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ። ሸክላውን ይዤ ስለነበር እናዳምጠው አልኳቸው። ማዳመጥ እንደማያስፈልግ ገለጹልኝ። በስክሪናቸው ላይ ድምፁ በቀለም ተሥሎ ይታያል፤ ነጎድጓድ ያለበትንና ከበሮ ያለበትን ቦታ ጎን ለጎን አድርገው አሳዩኝ፤ በእርግጥም ሁለቱ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ታዲያ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ለያችሁ ብዬ ጠየቅሁ። በስክሪኑ አሉ። ከኋላቸው ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ነበሩ፤ ከአንደኛው ላይ የውኃ ማፍያ ጀበና ተቀምጦ ነበር፤ ሁለተኛው በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ተገን ሆኖ ነበር። ገመድ አልነበራቸውም። እኔ ድምፅ ማጉያ እሸጣለሁ፤ ለዚህ አገልግሎት የገዛኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።

ልሰናበታቸው ስነሣ ኃላፊው በሐዘኔታ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ዝናብ ሙዚቃ አይደለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አጎቴ ግን ዝናብ አልነበሩም።

ማስታወቂያውን ያየሁት ስወጣ ነው። ጥሬ ክሮቹ ከዚህ በኋላ የማያስፈልጉ መሆናቸውን፣ ቦታ መያዛቸውን፣ በኪሎ እንደሚሸጡ ይገልጻል። ከሥሩ ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ ይጋብዛል፤ የአስተያየት ሳጥኑ ግን ከማስታወቂያው በላይ፣ እኔም ተንጠራርቼ በማልደርስበት ቦታ ተሰቅሏል። እንዳያማህ ጥራው እንዳይበላ ግፋው የተባለው እንዲህ በሙያ ሲፈጸም አይቼ አላውቅም።

በነጋዴ ቋንቋ ላስረዳዎት። ኮት አጣቢ ኮቱን አበላሽቶ ቢመልስልኝ እጣላዋለሁ፤ ኮቱ ግን አለ። እናንተ ያደረጋችሁት ኮቱን ለብሶ የሚታይ ሰው ፎቶግራፍ ሰጥታችሁኝ፣ እጀታውንም በፎቶው ላይ ቆርጣችሁ፣ ኮቱን ለማቃጠል መሰለፍ ነው። ሲዲያችሁ የፈለገውን ያህል ቢበላሽ፣ ክሩ እስካለ ድረስ አንድ ቀን ጆሮ ያለው ሰው ይመጣና እንደገና ይሠራዋል። ክሩ ሲሄድ የጋሼ ጉርምርምታ ከዚህ ዓለም ላይ ይጠፋል፤ በምትኩ የሚቀረው በስማቸው የተመዘገበ ነጎድጓድ ነው።

ይህን ለጋሼ ለመንገር ትናንት ቤታቸው ሄድኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ እንዲያውም አብረን ወደ እርስዎ ቢሮ የምንመጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር።

«ተወው ይሂድ» አሉኝ። «ጥሩ አልመታሁት ከሆነስ? ከጠፋ እኮ ጥሩ ነበር እያልኩ እኖራለሁ።»

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ንግድ ብዙ ሰው ተከራክሮኛል፤ ዕቃዬ ይጥፋልኝ ያለኝ ግን የለም። ያላቸው አንድ ድምፅ ነበር፤ እናንተ እሱን ነቅላችሁ ስታበቁ ጥርጣሬ ተክላችሁበታል። በስንት ዓመታቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የገዛ እጃቸውን መጠራጠር ጀመሩ። «ክፉም ይሁን ደግ፣ ጋሼ፣ የሰማይ ከሚሆን የእርስዎ ይሁን» አልኳቸው፤ ብዙም የረዳቸው አልመሰለኝም።

ከጓዳ ሆነው ሽንኩርት ሲከትፉ የነበሩት እትዬ ቢላዋቸውን ሳያቆሙ፣ «ጥሩ ባይመታው ኖሮ አገባው ነበር?» አሉ።

ስወጣ፣ በሩን ከኋላዬ ስዘጋ፣ በሁለት ጣት የሚመታ የመስኮት ደፍ ሰማሁ። ቀስ ብሎ ነበር፤ ባለሙያዎችዎ ቢሰሙት ያጸዱት ነበር።

ስለዚህ ልመናዬን ደግሜ በማክበር አቀርባለሁ። ክሩ እንዳይወገድ ይዘዙ። ዝናቡን ይመልሱ አልልም፣ ሐያሲዎን ይገሥጹ አልልም፣ የሚያፏጨውን ሰውዬ ዝም ያሰኙ አልልም። አንድ ጥቅል ክር፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ማድረቅ እንደሆነ ታውቁበታላችሁ።

ታሪካችንን ከታሪክ ላጸዱልን፣ ሙዚቃችንን ከሙዚቀኛ ላሳረፉልን፣ ጆሯችንን ከመስማት ድካም ለገላገሉን ክቡርነትዎ፣ ለማደሻ ክፍሉ ኃላፊ፣ ለሐያሲው፣ ለጀበናውና በሩን ደግፎ ለቆመው ድምፅ ማጉያ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሥራዎ ሁሉ እንደ ሲዲዎ ያለ አንዳች ኮሽታ እንዲያልፍ እመኛለሁ።

በታላቅ ትሕትና፣
ከገበያው ማዞሪያ አጠገብ ያለው የሸክላ ነጋዴ፣
የአንድ እጅና የአንድ በትር ዘመድ

ማስታወሻ፦ መልስዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ክሩ እንዳይጉላላ ብዬ፣ «ያገለገለ ፕላስቲክ» በሚል ስም ያወጡትን ጨረታ ዛሬ ጠዋት ገብቼ አሸንፌያለሁ። ተወዳዳሪው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያጫረቱኝ ሰውዬ፣ ይህን ምን ሊያደርግልህ ነው ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ። ይህን ደብዳቤ አንብበው ተቆጥተው ሽያጩን ቢሰርዙ ክሩ በመጋዘንዎ ይቀራል፤ እሱኑ ነበር የለመንኩት። ባይሰርዙት ወደ እኔ ቤት ይመጣል። ነጋዴ ነኝና በሁለቱም በኩል የማልከስርበትን ነገር ሳይ አላልፍም። ለሚቀጥለው እትምዎ ጥሬው ክር ቢያስፈልግዎ ሱቄ ክፍት ነው፤ የማውሰው ግን ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያ ከሌላችሁ ገመድ ያላቸው እሸጣለሁ።

ለነገ፦ ጋሪ መከራየት። ክሩን የሚያጫውተውን ማሽን ከመምህርቷ ትምህርት ቤት መዋስ። ጋሼን በልብስ ሰፊዎቹ በኩል ዞሮ መውሰድ። ሸራ መያዝ፤ ደመናው ከብዷል።